ከጆሮ ጀርባ የሚያልፈው የደም መንገድ

ይህ ለሕክምና ተማሪዎች፣ ለነርሶችና ጉዳዩን ለማወቅ ለመጡ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን ሰውታችሁ ስለ ደም ሥር ለመስማት መምጣታችሁ አስገርሞኛል፤ አመሰግናለሁ።

ከአንጎል የሚወርደው ደም ወደ አንገት ከመግባቱ በፊት በጆሮ ጀርባና በጆሮ ሥር ያልፋል። ይህ መንገድ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። አንዱ ሰው በግራ በኩል መንገዱ የለውም ማለት ይቻላል። የሌላው ደም ሥር ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ይታያል። ሁለቱም ደህና ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ።

እኔ ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ልዩነቱ በራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው። ችግሩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ነው። የመጽሐፉን ሥዕል በሁሉም ሰው ራስ ውስጥ ስንፈልግ እንሳሳታለን። አንዳንዴ ጤነኛውን እናክማለን። አንዳንዴ ደግሞ ሳናስበው ደም ሥሩን እንወጋዋለን።

እስቲ መንገዱን አብረን እንሂድበት። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ልብ ከምትረጨው ደም ግን 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በደቂቃ ወደ 750 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የገባው ሁሉ ደግሞ መውጣት አለበት። የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት ስለሆነ መውጫው ከታነቀ ግፊቱ የሚያርፈው አንጎሉ ላይ ነው።

ደሙ የሚወጣው ክንዳችን ላይ እንደምናያቸው ባሉ ደም መላሾች አይደለም። አንጎልን የሚሸፍን ዱራ የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በንጣፎቹ መካከል ቦይ ይሠራል። ቦዮቹ ሳይነስ ይባላሉ። ብርድ ሲመጣ "ሳይነሴ ተነሳብኝ" የምንለው የአፍንጫው ሌላ ነው። የዱራ ሳይነሶች ጡንቻ የላቸውም፤ ቫልቭም የላቸውም። ስለዚህ ደሙ ግፊት ወዳነሰበት አቅጣጫ ሁሉ ሊሄድ ይችላል።

በራስ ቅል አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ትልቅ ሳይነስ አለ። ከኋላ ሲደርስ ከሌሎች ጋር ይገናኝና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሄዳል። ትራንስቨርስ ሳይነስ እንላቸዋለን። አሁን እጃችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ ባለው ጉብ ያለ አጥንት ላይ አድርጉ። ማስቶይድ ይባላል። ትራንስቨርስ ሳይነሱ እዚያ ሲደርስ ወደ ታች ይታጠፍና ሲግሞይድ ሳይነስ ይሆናል። ከጣታችሁ ሥር፣ ከአጥንቱ በስተውስጥ፣ አሁን ደም እየወረደ ነው።

ሲግሞይድ ሳይነስ በራስ ቅል ወለል ላይ ባለ ቀዳዳ ወጥቶ የአንገቱ ጁጉላር ደም መላሽ ይሆናል። ከመውጣቱ በፊት ግን ሽቅብ ይጎብጥና ጉልላት ይሠራል። ጁጉላር ቡልብ የምንለው ይህን ነው። በዚሁ ቀዳዳ 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው የአንጎል ነርቮች አብረው ያልፋሉ። ድምፃችን፣ መዋጣችን፣ ትከሻ ማንሳታችን በእነሱ ነው።

ከጉልላቱ በላይ ያለው ጆሮ ነው። በስተውጭ የመካከለኛው ጆሮ ወለል አለ። ወደ ውስጥ ስንገባ መስሚያው ኮክሊያ፣ ሚዛን ጠባቂዎቹ ግማሽ ክብ ቱቦዎች፣ ከዚያም የመስማትና የፊት ነርቭ የሚያልፉበት መተላለፊያ አሉ። ይህ ሁሉ የተጨናነቀው ሚሊ ሜትር በሚቆጠርበት ቦታ ላይ ነው። የውስጥ ጆሮ የራሱ ትንንሽ ደም መላሾችም የሚፈሱት ወደዚሁ አካባቢ ነው። ከኮክሊያ የሚወጣው በጣም ቀጭን ደም መላሽ ጁጉላር ቡልቡ ወይም አጠገቡ ያለው ታችኛው ፔትሮሳል ሳይነስ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ። ሕፃን ሲወለድ ጁጉላር ቡልብ የለውም። ሳይነሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ቡልቡ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ልጁ ቆሞ መሄድ ከለመደ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ነው። ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል። ለምን? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል። ቆመን ስንሄድ ከላይ የሚወርደው ደም ከልብ በኩል ሽቅብ ከሚመጣው የግፊት ሞገድ ጋር መታጠፊያው ላይ ይጋጫል። ግጭቱ ግድግዳውን ቀስ በቀስ ይገፋዋል። አጥንቱም ይሸሻል። እኔን ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል። ቡልብ አብሮን የተወለደ ነገር ሳይሆን ኑሯችን የቀረጸው ነገር ነው ማለት ነው። ታዲያ የእኔና የእናንተ እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል?

ቀኝና ግራም እኩል አይደሉም። በአብዛኛው ሰው ቀኙ ይሰፋል። ምክንያቱ ደረት ውስጥ ነው። ከቀኝ ጁጉላር እስከ ልብ ያለው መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የግራው ግን ደረት አጥንት ጀርባ ተሻግሮ ወደ ቀኝ መምጣት አለበት። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ኤምአርአያቸው ጤናማ የሆነ 100 ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። በ59ኙ ቀኙ ትራንስቨርስ ሳይነስ ይበልጣል። በ16ቱ እኩል ናቸው። ግራው የሚበልጠው በ25ቱ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ላይ ያለው እኩል የሆነው ሥዕል ከስድስት ሰው የአንዱን እንኳ አይሞላም። ይህን ጥናት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዋናው መስመር ሌላ ትንንሽ መውጫዎችም አሉ። ማስቶይድ አጥንትን በስቶ ወደ ራስ ቆዳ የሚወጣ ደም መላሽ አለ። ከራስ ቅሉ ግርጌ ወደ አከርካሪ ዙሪያ የሚሄዱም አሉ። በክረምት ጎርፍ አንዱ ቦይ ሲጠበው ሌላውን አስፍቶ እንደሚወርደው፣ ደሙም የጠበበውን ትቶ የተከፈተውን ያሰፋል። ጽንስ ሳለን የነበረና ኋላ የሚጠፋ ፔትሮስኳሞሳል ሳይነስ የሚባል ቦይ አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ሳይጠፋ ይቀራል። ማስቶይድ የሚከፍት ሐኪም ባልጠበቀው ቦታ ደም ሲያገኝ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ሌላም አለ። ስንተኛ የአንጎላችን ደም በብዛት በጁጉላሮቹ ይወርዳል። ስንቆም ግን ጁጉላሮቹ አንገት ላይ ይጠብቡና ደሙ በአከርካሪ ዙሪያ ባሉት መረቦች መሄድ ይጀምራል። አልጋ ላይ ተኝታችሁ ያነሳችሁት ምስል ቆማችሁ ስትሄዱ ያለውን ሁኔታ በሙሉ አያሳይም።

አሁን ወደ ሕመምተኛው እንምጣ።

"ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።" እንዲህ የሚል ሰው ከመጣ በቁም ነገር ስሙት። የተለመደው የጆሮ ጩኸት ጭው የሚል፣ የማያቋርጥ ነው። ይሄኛው ከልብ ምት ጋር ይሄዳል። ሹው፣ ሹው፣ ሹው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይብሳል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ "ጭንቀት ነው" ተብሎ ነው የሚመለሰው። እንቅልፍ ካጣ በኋላ መጨነቁ እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል።

ታካሚውን ቁጭ አድርጉት። ድምፁ በሚሰማበት ጎን አንገቱን በጣታችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ጫን በሉ። ለስለስ አድርጋችሁ ያልኩት ደም ቅዳውን ሳይሆን ደም መላሹን ብቻ እንድትጫኑ ነው። ድምፁ ወዲያው ከጠፋና ስትለቁት ከተመለሰ ምንጩ ደም መላሽ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ጭንቅላቱን ወደዚያው ጎን ሲያዞርም ብዙ ጊዜ ይቀንስለታል። ምርመራው ሳንቲም አይጠይቅም። ታካሚው ደግሞ ድምፁ ሲጠፋለት ፊቱ ላይ የምታዩት ነገር አለ፤ አንድ ሰው አመነኝ የሚል።

ከዚያ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ሲግሞይድ ሳይነሱን ከማስቶይድ የሚለየው አጥንት ሳስቶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሳይነሱ ወደ ማስቶይድ ከረጢት አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ማስቶይድ ውስጡ አየር የያዙ ትንንሽ ክፍሎች ስላሉት የደሙ ሽክርክሪት ድምፅ በአየሩ አልፎ ጆሮ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን በቀዶ ሕክምና ግድግዳውን አጠናክሮ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል። የጆሮ ጩኸት መድኃኒት የለውም ሲባል ለሰማችሁ፣ ይህኛው ብዙ ጊዜ አለው።

ነገር ግን መሰርሰሪያ ከመነሳቱ በፊት ዓይን ይታይ። ትራንስቨርስ ሳይነስ ጠቦ፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ፣ ያ ግፊት አጥንቱን ያሳሳው ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በተለይ ክብደት የጨመሩ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ይይዛል። ራስ ምታት አለው። የዓይን ነርቭ ጫፍን ያሳብጣል። ካልታከመ ዓይነ ስውር ያደርጋል። አጥንቱን ጠግናችሁ ግፊቱን ከተዋችሁት ድምፁ ጠፋላት፤ ዓይኗም ሊጠፋባት ይችላል።

ጁጉላር ቡልቡስ? በዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ሪፖርቱ ላይ "ቡልቡ ከፍ ብሏል" የሚል መስመር በተገኘ ቁጥር ጩኸቱም፣ ማዞሩም፣ የመስማት መቀነሱም በእሱ ላይ ይላከካል። ቡልቡ የወጣው በቀኝ፣ ጩኸቱ ያለው በግራ ሆኖ ሳለ እንኳ! ከፍ ያለ ቡልብ ይዘው ምንም የማይሰማቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ከዚያ ላይ "ከፍ ያለ" የሚባለው የቱ እንደሆነ ሁሉም አይስማማም። አንዱ ጸሐፊ ከጆሮ ታምቡር ታችኛ ጠርዝ ይለካል። ሌላው ከኮክሊያ የታችኛው ዙር፣ ሌላው ከመስማት ነርቭ መተላለፊያ ወለል። መለኪያው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ጥናት ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ያገኘውን ሌላው በብዙ እጥፍ ቢያገኘው አይድነቃችሁ።

ቡልቡ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንባቸው ጊዜያት አሉ። ወደ ላይ ሲወጣ የውስጥ ጆሮን አጥንት በልቶ ሊከፍተው ይችላል። ይህን ለመረዳት በ1998 ወደታወቀ አንድ በሽታ እንሂድ። አሜሪካዊው ሐኪም ሎይድ ማይነር ላይኛው ግማሽ ክብ ቱቦ አጥንቱ የተከፈተባቸውን ሰዎች ገለጸ። የውስጥ ጆሮ በተፈጥሮው ሁለት መስኮት አለው። ሦስተኛ ሲከፈት የድምፅ ግፊት በዚያ ያፈተልካል። ታካሚው ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ ያዞረዋል። የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮህበታል። የራሱን ዓይኖች ሲንቀሳቀሱ የሚሰማም አለ። አዎ፣ የዓይን እንቅስቃሴን በጆሮ መስማት። ድሮ ይህን የተናገረ ሰው ወደ አእምሮ ሐኪም ይላክ ነበር ቢባል አልጠራጠርም።

ደም መላሾቻችንም እንዲህ ያለ መስኮት ሊከፍቱ ይችላሉ። ላይኛው ፔትሮሳል ሳይነስ በዚያው ላይኛው ቱቦ ጀርባ ላይ ተኝቶ ሊያሳሳው ይችላል። ጁጉላር ቡልብ ደግሞ የኋለኛውን ቱቦ ወይም የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ የሚሄድበትን ቀጭን ቦይ ሊነካ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ውፍረት የተቆረጠ ሲቲ ስካን ነው። የተለመደው የራስ ሲቲ አያሳየውም። ምስሉ ታይቶ፣ የመስማት ምርመራው ታይቶ፣ ምልክቱም በዚያው ጎን ሆኖ ሦስቱ ከተስማሙ ያኔ ቡልቡን መክሰስ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሕመምተኛ ታምቡሩ ሰማያዊ የሆነ ሰው ነው። በጆሮ መመልከቻ ስታዩ ከታምቡሩ ጀርባ፣ ወደ ታች በኩል፣ ሰማያዊ የሆነ ነገር ይታያል። ቡልቡን ከመካከለኛው ጆሮ የሚለየው ስስ አጥንት ጎድሎ ቡልቡ ራቁቱን ወጥቷል። ከዚህ ጋር የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ከታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም ደም ይመስላል። ቀላ ብሎ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ግሎመስ የሚባለው ዕጢ ሊሆን ይችላል። ዕጢው የሚነሳባቸውን ጥቃቅን አካላት በ1941 የገለጸው ስቴሲ ጊልድ ነው። ያገኛቸው እዚሁ ጁጉላር ቡልብ ጉልላት ላይ ነበር። በሲቲ ሁለቱ ይለያሉ። ቡልብ ከሆነ የአጥንቱ ጠርዝ ለስላሳ ነው። ዕጢ ከሆነ ጠርዙ ብል እንደበላው ይሆናል።

አደጋው የት ነው? ፈሳሽ መስሎት ታምቡሩን ለመብሳት ምላጭ የሚያነሳው ሐኪም ዘንድ። ቡልቡን ከነካው ደሙ ጆሮውን ሞልቶ ይፈስሳል። ያኔ ጆሮውን በጥብቅ ጠቅጥቆ ማቆም ይቻላል፤ ግን ለማንም የማይመኙት ቀን ነው። ደንቡ አጭር ነው። ከታምቡር ጀርባ ሰማያዊ ወይም ቀይ ነገር ካያችሁ፣ ምስል ሳይነሳ መርፌም ምላጭም አይንካው። ናሙና ልውሰድ ማለትም እንደዚሁ ነው።

ወደ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ጥናት ልመለስ። ታሪኩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ ስለምወደው ትንሽ ታገሱኝ።

አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት ጆሮው የሚመግል ሰው እንዴት እንደሚሞት ሐኪሞች ያውቁ ነበር። መግሉ የማስቶይድን አጥንት ይበላል። ሲግሞይድ ሳይነስ ጋ ይደርሳል። እዚያ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ደም ይመረዛል። ቁራጩ እየተቆረሰ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ታካሚው በቀን ውስጥ ትኩሳቱ ይሰቀልና ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ያልበውና ይወርዳል፣ እንደገና ይሰቀላል። በ1880 ዛውፋል የተባለ የፕራግ ሐኪም አንድ ሐሳብ አመጣ። መጀመሪያ ጁጉላሩን አንገት ላይ እንሰር፤ ከዚያ ሳይነሱን ከፍተን የረጋውን እናውጣ አለ። በ1888 በለንደን አርቡትኖት ሌን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቀዶ አዳነ።

ቀዶ ሕክምናው ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ሌላ ሆነ። ሳይነሱ ውስጥ ደም መርጋቱን ሳይከፍቱ በምን ይወቁ? በ1916 ክዌክንሽቴት የተባለ ጀርመናዊ አንድ ነገር ገልጾ ነበር። የታካሚውን ጀርባ በመርፌ ወግታችሁ የአከርካሪ ፈሳሹን ግፊት እየለካችሁ ሳለ የአንገቱን ጁጉላሮች ብትጫኑ ግፊቱ ይጨምራል። ደሙ መውጫ ሲያጣ ማለት ነው። በ1920ዎቹ ቶቢና ኤየር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ይህን ወደ ጆሮ አመጡት። አንድ አንዱን ጎን ለየብቻ እንጫን አሉ። በታመመው ጆሮ በኩል ስንጫን ግፊቱ ካልጨመረ ድሮውንም በዚያ የሚያልፍ ደም የለም፤ ሳይነሱ ተዘግቷል ማለት ነው።

በጣም ብልህ ሐሳብ ነው። ግን ግራው ከተፈጥሮው ቀጭን የሆነ ሰው ላይ አስቡት። በግራ ስትጫኑ ምንም አይጨምርም። ደም አልረጋበትም፤ መንገዱ ድሮም ትንሽ ነው። ምርመራው "ተዘግቷል" ይላል። የዚህን ሰው ግራ ጆሮ መግል ይዞት ከነበረ አጥንቱ ይከፈታል።

ያ ምርመራ አሁን ታሪክ ነው። በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ ከታየ ወዲህ ራስን ሳይከፍቱ በቁራጭ በቁራጭ ማየት ተቻለ። ኤምአርአይ ተከተለ። ስህተቱ ግን አልሞተም፤ ልብስ ቀየረ። ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ሳይሰጥ የሚነሳው የደም ሥር ኤምአርአይ የሚያሳየው የሚንቀሳቀስን ደም ነው። ፍሰቱ ቀሰስ ካለ ምስሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ቅድም ባልኳችሁ ጥናት ከ100ዎቹ ጤናማ ሰዎች በ31ዱ ትራንስቨርስ ሳይነሳቸው ምስሉ ላይ ተቆርጦ ታይቷል። በትልቁ ጎን ላይ ግን አንድም ጊዜ አልታየም። የተቆረጠው ሁልጊዜ በትንሹ ወይም እኩል በሆኑት ላይ ነበር።

እንግዲህ አንዲት አራስ ራሷን አሟት መጣች እንበል። አራስነት ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳይነሷን መጠርጠሩ ትክክል ነው። ኤምአርአይ ተነሳች። ግራው አይታይም። "ደም ረግቷል" ተባለ። ሕፃን ታቅፋ ለወራት የደም ማቅጠኛ ልትወስድ ነው። በሌላ በኩል፣ "ተፈጥሯዊ ነው" ብላችሁ እውነተኛ የረጋ ደም ብታልፉ ልትሞት ትችላለች። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

እዚህ ላይ አጥንቱን ጠይቁት። ሳይነስ አጥንት ላይ ተኝቶ ነው የሚያድገው፤ የራሱን ጎድጓዳ መስመር ይቆፍራል። የሚወጣበት ቀዳዳም በእሱ ልክ ነው። ሳይነሱ ከልጅነቱ ቀጭን ከነበረ ጎድጓዳው ቀጭን ነው፤ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ደም ግን የማይታይበት ከሆነ እዚያ ሰፊ ደም ሥር ነበረ ማለት ነው። የት ሄደ? ያኔ ተጨነቁ። ይህን ለማየት ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ታካሚዋ መጀመሪያ የተነሳችው ሲቲ ስካን ላይ አለ። አጥንት በሚያሳየው መስኮት ከፍቶ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። ካላረካችሁ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት ተሰጥቶ ይደገም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ጆሮው የሚፈስ ልጅ በየሰፈሩ አለ። "ሲያድግ ይተወዋል" እየተባለ ዓመታት ያልፋል። እንዲህ ያለ ልጅ ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ ትኩሳቱ እየተሰቀለ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው ሆስፒታል ለመውሰድ የሚቀጠር ቀን የለም። በዚያው ቀን ነው።

ስለ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ልበል፤ እዚህ ያሉት ጓደኞቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማስቶይድ ሲከፈት ሲግሞይድ ሳይነሱ ወደ ፊት ቀርቦ ከተገኘ የመሥሪያ ቦታው ይጠብባል። ሳይነሱ በዱራ የተከበበ ስለሆነ ትንሽ ይችላል። ቡልቡ ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል። ደም መላሽ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ መጠኑ ግን ብዙ ነው። የታካሚው ራስ ከልቡ ከፍ ብሎ ከነበረ ደግሞ ደም በመውጣት ፋንታ አየር ይገባል። አየሩ ልብ ይደርሳል። ማደንዘዣ ሰጪው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የመስማት ነርቭ ዕጢን ከኋላ በኩል ገብቶ ለማውጣት የመተላለፊያውን የኋላ ግድግዳ መሰርሰር ያስፈልጋል። ቡልቡ እዚያ ድረስ የወጣ ሰው አለ። ደሙን ለማቆም ሲባል ደግሞ በጣም ከተጠቀጠቀ ከጎን ያሉት ሦስቱ ነርቮች ይጨፈለቃሉ። ታካሚው ዕጢው ወጥቶለት ድምፁ ሰልሎ፣ ውሃ ትን እያለው ይነቃል።

የአንገት ካንሰር ሲወጣ አንዱ ጁጉላር አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ይቋቋመዋል። የወጣው ግን ብቸኛው ትልቅ መንገድ ከሆነስ? የራስ ቅላቸው አጥንቶች ያለ ጊዜያቸው የተጋጠሙባቸው አንዳንድ ልጆች ላይ የጁጉላር ቀዳዳው ጠባብ ነው። የአንጎላቸው ደም በአብዛኛው የሚወጣው በማስቶይድ በኩል ባሉት ትንንሽ መውጫዎች ነው። እነሱም ሰፍተዋል። ከራስ ቆዳ ሥር አግኝቷቸው "ይህ ምን ይጠቅማል" ብሎ የሚያቃጥላቸው ሰው የልጁን መውጫ ዘጋ ማለት ነው።

ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ጽፌ ላስቀምጥ።

አንድ ወንድም "ቡልብህ ከፍ ብሏል ተብያለሁ፤ ምን ማድረግ የለብኝም?" ብለው ጠየቁኝ። ምልክት ከሌለዎት የሚከለከሉት ነገር የለም። ይዋኙ፣ አውሮፕላን ይሳፈሩ፣ ሥራዎን ይሥሩ። ሲዲውን ወይም ፊልሙን ግን አይጣሉት። ወደፊት ጆሮዎን የሚነካ ሐኪም ካለ አስቀድመው ያሳዩት። መስማትዎ ከቀነሰ፣ ማዞር ከጀመረዎት ወይም ከልብ ምትዎ ጋር የሚሄድ ድምፅ ከመጣ ደግሞ ተመልሰው ይምጡ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ እህት ደግሞ "በአንገት በኩል ትልቁን መስመር ስንዘረጋ ለምንድን ነው በቀኝ የሚባለው?" አለች። ጥያቄዋ ከርዕሳችን የወጣ ይመስላል፤ አልወጣም። ቀኙ በአብዛኛው ሰው ሰፊ ነው፣ ወደ ልብም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በግራ ደግሞ የሊምፍ ዋና ቦይ አለ፣ የሳንባው ጫፍም ከፍ ይላል። ነገር ግን ከአራት አንዱ ሰው ግራው የሚበልጥበት ነው ብለናል። አልትራሳውንዱ አልጋው አጠገብ ካለ መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን እዩ።